ሽማግሌና ዛምቢያ በአንድ ቀን

አቶ ተክለጻድቅ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀደንያን ለመዳር መልአክ እንኳ ሽማግሌ ሆኖ ቢመጣ «እስቲ ይታሰብበት» የሚሉ ሰው ነበሩ። ታናሿ ሳምራ እንዲህ እያለች ነበር ሰፈሩን የምታስቀው፤ በእርግጥ አባቷ በሌሉበት።

ፀደንያን የሚፈልገው ጦና የሚባል ልጅ ነው፤ ገሱባ ከተማ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቴ መጥተው ሁለቴም በባዶ ሆዳቸው ተመልሰዋል። በመጀመሪያው አቶ ተክለጻድቅ ልጅቷ ዲፕሎማዋን ትያዝ አሉ። ያዘች። በሁለተኛው ጎሳ ይቆጠር አሉ። ተቆጠረ፤ የትም አይገናኙም። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። የጦና አባት ከዚህ በላይ ደጅ አልጠናም፣ የገበያ መሳቂያም አልሆንም ብለው ምለዋል። ዛሬ እሺ ካልተባለ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ፀደንያ ይህን ስለምታውቅ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልወረደላትም።

ጉዱ ቀኑ ላይ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ የኳሱን ፕሮግራም ያየ ሰው አልነበረም። ለካ ያ ሰኞ፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር የምትጫወትበት ቀን ኖሯል። ዛምቢያ ደግሞ እንዲሁ ዛምቢያ አይደለችም፤ ዋንጫውን የያዘችው እሷ ናት። ሶዶ ከተማ ከቀትር ጀምሮ አብዳለች። ባጃጁ ባንዲራ ለብሷል፣ የዲኤስቲቪ ቤቶቹ የሠርግ ወንበር ተውሰው ደርድረዋል፣ የሳምራ የሒሳብ አስተማሪ እንኳ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ ታይቷል። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮው በአንድ ቀን እንዲገፋ በሰው በኩል ቢያስለምኑ አቶ ተክለጻድቅ «የኔ ልጅ ከኳስ አታንስም» ብለው ዘጉት። ቴሌቪዥኑን አጠፉ፣ ሪሞቱን ኪሳቸው ከተቱ። እሳቸው ራሳቸው ኳስ ሲያዩ ተቀምጠው በእግራቸው የሚራገጡ ሰው ስለሆኑ ንዴታቸው እጥፍ ነበር።

ሴቶቹ ማድ ቤት ናቸው። እናትየዋ ወይዘሮ እታፈራሁ ሥጋውን ከትፈው፣ የሚያቃጥለውን የበርበሬ ዳታ አስፈጭተው ይጠብቃሉ፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል የሰው ቤት እህል አይቀምስማ። ጎረቤታቸው እትዬ ፈጠነችም ወገቧን ታጥቃ ተቀምጣለች። ሳምራ በመጋረጃው ቀዳዳ እንድታይ ተመድባለች። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ነገሩ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ይነሱና አባትየውን ያቅፋሉ፤ በር ላይ ያለችው እልል ትላለች፤ ምግቡ ይገባል፤ የውጭው በር ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ የለም። እልል የተባለበት ቤት «ይቅርታ፣ ተሳስተን ነው» ብሎ አያውቅም።

ሦስቱ ሽማግሌዎች መጥተው ተቀመጡ። መሪያቸው አዛውንቱ አቶ ኤርካሎ ናቸው። ከጎናቸው የተቀመጡት አቶ ዳልጮ የገሱባ ነጋዴ ናቸው፤ ወፍራም፣ ላብ የማያጣቸው፣ በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን እስከ ጆሮአቸው የተከናነቡ። ሳምራ መስኮት ዝጊ ተብላ ስትገባ በጋቢው ጠርዝ ሥር ጥቁር ገመድ አየች። ገመዱ ጆሮአቸው ውስጥ ይገባል። ሰውየው በደረት ኪሳቸው ራዲዮ ይዘው ነው ሴት ልጅ ለመጠየቅ የመጡት።

ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አቶ ዳልጮ ቀስ ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሳምራም መስኮቱን ዘግታ ወጣች። ለማን ትናገራለች? ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኳሱን የምታየው በአቶ ዳልጮ ፊት ላይ ነበር።

አባቷ ሰበባቸውን ጀመሩ። ዛሬ የገሱባ መንገድ ነበር ተራው። ባለፈው ክረምት ለመሥሪያ ቤት ሥራ ሲሄዱ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እንዴት እንደገፉ ተረኩ። ልጄ ብትታመምብኝ በየትኛው መንገድ ነው የምደርስላት ሲሉ፣ አቶ ዳልጮ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ወይ አለመታደል» አሉ። ፍፁም ቅጣት ምት ስተናል። አቶ ተክለጻድቅ ግን ልባቸው ተነካ፤ ሰውየው ሐሳባቸው የገባቸው መሰላቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህች ልጅ ማታ ማታ እግሬ ሥር ተቀምጣ ጋዜጣ የምታነብልኝ ናት አሉ። አቶ ዳልጮ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። በረኛችን በቀይ ወጥቷል። እሷ ስትሄድ ይህ ቤት ምን ቤት ይሆናል ብለው ሲጨርሱማ ዛምቢያ አገባች፤ የአቶ ዳልጮም እንባ ዱብ አለ። አቶ ተክለጻድቅ መሀረባቸውን አውጥተው አቀበሏቸው። ሳምራ መጋረጃውን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። ዞር ስትል ፀደንያ የማድ ቤቱ ጥግ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል አየቻት። ምን እያሉ ነው አለቻት። ሳምራ መንገድ፣ መንገድ እያሉ ነው አለቻት። ፀደንያ በቃ፣ አልቋል ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሳሎን ውስጥ አቶ ኤርካሎ የመጨረሻውን ልመና ተናገሩ። ለክርክሩ አማርኛ፣ ለልመናው ወላይትኛ ነበር የሚጠቀሙት፤ አሁን ወላይትኛ ላይ ደርሰዋል። ልጁ ሠርቶ አደር ነው፣ ልጅቷ ትወደዋለች፣ እኛም እግራችን ደክሟል አሉ። አቶ ተክለጻድቅ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ሳምራ ያንን ጠረጋ ታውቀዋለች። ሁለቴ ሰምታዋለች።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ከፋሲካ በኋላ ብትመጡ ምን...»

አቶ ዳልጮ ከወንበራቸው ተወነጨፉ። ጋቢው ወደቀ። ያን የሚያህል ገላ በአንድ ዝላይ ጠረጴዛውን ተሻግሮ አቶ ተክለጻድቅ ላይ ተጠመጠመ፤ አንገታቸውን፣ ግንባራቸውን፣ ራሰ በራቸውን ሳይቀር ሳማቸው።

ሳምራ ወዲያው ገባት። አግብተናል። ራዲዮ ደግሞ ከዲኤስቲቪ ይቀድማል፤ ከታች ያለው ሕዝብ ገና አልጮኸም፣ ሶዶ ገና ጸጥ እንዳለች ናት። ከዚህ ግቢ ውስጥ የሚያውቁት አቶ ዳልጮና እሷ ብቻ ናቸው። አባቷ አፋቸውን ከፍተው፣ ያላለቀ ቃላቸውን ይዘው፣ በሰው እቅፍ ውስጥ ቆመዋል። አንድ ትንፋሽ ከቆየች ቃሉ ሊያልቅ ነው።

እልል አለች። ያላትን ሳንባ ሁሉ አውጥታ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ።

እትዬ ፈጠነች ማንኪያዋን ወርውራ ተቀበለቻት። ወይዘሮ እታፈራሁ እልል እያሉ፣ እያለቀሱ፣ ትሪውን አንስተው ገቡ። ይሄኔ ሶዶ ፈነዳች። ጥሩምባ፣ ጥሩምባው ላይ ጩኸት፣ ጩኸቱ ላይ የባጃጅ ክላክስ። በሩ ተበረገደና ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ እያለ ጎረፈ፤ ግማሹ ለጎሉ፣ ግማሹ ለልጅቷ፣ የቀረው የቱ ለየቱ እንደሆነ ሳያውቅ። አቶ ኤርካሎ ብልህ ሽማግሌ ናቸው። ነገር ሳይበላሽ ብለው ቶሎ ተነሱና ምርቃቱን አወረዱት።

ሁሉም አሜን ሲል አቶ ተክለጻድቅ ከአቶ ዳልጮ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ አዩ።

«አቶ ዳልጮ፣ ያ እንባ ለልጄ አልነበረም ማለት ነው?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ከሁለቱም ነበረበት።»

አቶ ተክለጻድቅ ሊቆጡ ፊታቸውን ሰበሰቡ፤ ግን ፀደንያ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ የሚሉትን ትጠብቃለች። አዩዋት። ብዙ አዩዋት። ከዚያ ወደ አቶ ዳልጮ ዞሩ።

«ስንት ለስንት ነን?»

«አንድ ለአንድ። በአሥር ሰው።»

«በአሥር ሰው? ከዛምቢያ ጋር?» ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ በአሥር ሰው ዛምቢያን ከያዝን፣ የገሱባ መንገድ ምን ያቅተኛል። ብሉ። ልጅቷን ሰጥቻለሁ።»

ሪሞቱን አውጥተው ለአቶ ኤርካሎ አቀበሉ፤ የቀረውን ጨዋታ ሽማግሌና የሙሽራ አባት አንድ ላይ፣ በዳታ ክትፎ እየተቃጠለ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ሆኖ አየው። ሌላ ጎል ሳይጨመርበት አለቀ። አቶ ተክለጻድቅም ያኔ ሳምራን በጣታቸው ጠሯት።

«አንቺ፣ እልል ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ለዛምቢያ አይደለም፣ አባዬ» አለች።

ጆሮዋን ቆነጠጧት፤ ግን እንደ ሌላው ቀን አላመማትም።

ፀደንያ ጓሮ ወጥታ ጦና ጋ ደወለች። እሱ ገሱባ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነው፤ ከጀርባው አገር ይጨፍራል። ሰጡን፣ አባዬ እሺ አሉ አለችው። አየሁት፣ እንዴት ያለ ጎል ነው አላት። አይደለም፣ ሰጡን አለችው። አዎ፣ አቻ ወጣን፣ ዋጋ አለው አላት። በመጨረሻ ፀደንያ፣ ድምፅዋ ከጥርሷ አልፎ የማያውቀው ፀደንያ፣ የድንጋይ አጥሩ ላይ ወጥታ «አንተ ደንቆሮ፣ ልታገባኝ ነው» ብላ ጮኸች።

በስልኩ ውስጥ ገሱባ ጸጥ አለች። ከዚያ አንድ ሰው ብቻውን፣ ከጎሉ ሁሉ አብልጦ፣ ሲጮህ ተሰማ።