የግራው ወንበር

የትኛው ሱሪ ወንበር ላይ የሚውል ሰው፣ የትኛው ሲሯሯጥ የሚውል ሰው እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ ገና በእጇ ስትይዘው ታውቃለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ የላትማ! ስለዚህ ባሏ የመኪናውን የግራ ወንበር ልባስ ይዞላት መጥቶ «ስፌቱ ለቋል፣ እስቲ ድገሚልኝ» ሲላት፣ መርፌ ሳታነሳ ነገሩ ከነከናት።

መኪናዋ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። ባልየው ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ያስነሳና ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አስጠግቶ እንደ ሰዓት ያዳምጠዋል፤ ከዚያ ደስ ብሎት ይወጣል። ዘይት ስለምታንጠባጥብ የቤቱን ትልቁን ሳፋ ከሥሯ ከደነቀረው ቆይቷል፤ በሳፋው የተነሳ ስንት ተጨቃጭቀዋል። ሚስቱ ግን አንድም ቀን አብራው ወጥታ አታውቅም። «መሬት ለመሬት እየተጎተትኩ የሰው ጫማ ስቆጥር ልዋል?» ትለዋለች።

ታዲያ ባዶውን የሚሄድ ወንበር እንዴት መሃሉ ይጎደጉዳል?

«እዚህ ላይ ማነው የሚቀመጠው?» አለችው።

«ማን ይቀመጣል ብለሽ ነው» አለና ጋዜጣውን ገለጠ።

ይሄ ደግሞ መልስ ነው? ልባሱን በድርብ ክር ሰፋች፤ እየሰፋችም የጎደጎደውን በመዳፏ ደጋግማ ለካችው። የተቀመጠው ልጅ አይደለም፣ ጉድጓዱ የትልቅ ሰው ነው። ሴት ብትሆንስ? ይህን ያህል ዘመን ያመነችውን ሰው በአንድ ስፌት መጠርጠሯ አሳፈራት፤ ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ኮቴዋን አጥፍታ ተከተለችው።

ጋራዡ በር ላይ ቆማ አየችው። ልባሱን መልሶ አለበሰ። ከዚያ ከጥግ አንድ ጆንያ አሸዋ እያቃሰተ ተሸክሞ አመጣና በግራው ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ቀበቶም አሰረለት።

«አሸዋ ነው የምታንሸራሽረው?» አለችው።

ሰውዬው እንደተያዘ ሌባ ቆመ። «ብቻዬን ስሆን ወደ እኔ ታዘነብላለች» አለ ቀስ ብሎ። «ሞላዎቿን ለሁለት ሰው ነው ያስተካከልኳቸው። አንድ ቀን እሺ ካልሽ እንዳትንገጫገጪ ብዬ። እስከዚያው ይሄ ይቀመጥልሽ አልኩ።»

«ስንት ኪሎ ነው?»

«ሃምሳ ስምንት። ከክሊኒክ ስትመጪ የነገርሽኝ።» በሚዛን ነበር የለካው፤ ሰዓት ሠሪ መቼም በግምት አይሠራም።

እሱ ስንት ቅዳሜ ቦታዋን ይዞላት ሲዞር እሷ ሌላ ሴት ፍለጋ በር ላይ ቆማለች። በራሷ አፈረች፤ ደስታዋንም ላፍን ብትል እምቢ አላት። የጆንያውን ቀበቶ ፈታች፤ በሁለት እጇ ጎትታ አወረደችውና ገብታ ተቀመጠች።

መኪናዋ በግራ በኩል ዝቅ አለች። ባልየው ጎንበስ ብሎ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ያለውን ክፍተት አየ፤ በቀኝ ዞሮም አየ፤ ቀና ሲል ግራ ገብቶታል።

«በትክክል ነበር እኮ የለካሁት» አለ።

«ክሊኒኩ ያለኝ ስድሳ ሰባት ኪሎ ነው» አለችው ፊት ለፊቷን እያየች።

ባልየው መፍቻውን አነሳ። «በይ ውረጂ፣ ሞላውን ላስተካክለው።»

«አልወርድም» አለችና ቀበቶዋን አሰረች። «እንዳዘነበለች ትሂድ።»