ከሆጤ በላይ የተሰነጠቀው ዳገት

ሰልዋ ኮምቦልቻ ባለው የቅየሳ ቢሮ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ዓይኗን ከስክሪኑ መንቀል አቃታት። በደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር በላይ ያለው ዳገት ባለፈው ሳምንት ተሰንጥቋል። ተራምዶ ምልክት መትከል አደገኛ ስለሆነ፣ የቢሮው ድሮን እያንዳንዱን ፎቶ ያነሳበትን ቦታ፣ መሬት ላይ ከቆመ መቀበያ ጋር እያመሳከረ፣ ከሳተላይት እየለካ ይመዘግባል። የዛሬውን ካርታ ባለፈው ካርታ ላይ ስትደርበው ዳገቱ በሙሉ ቁልቁል ሄዷል።

«ያ አላህ!» ብላ ድሮኑን ወደሚያበረው ባልደረባዋ ወደ ደሳለው ደወለች። «ከስንጥቁ በታች ያሉትን ሰዎች አስወጣ!»

«እርግጠኛ ነሽ? ዛሬ በከንቱ ካስወጣናቸው ነገ የሚሰማን የለም።»

ድጋሚ አየችው። አለት ላይ የተሠራው መስጊድና አስፋልቱም አብረው ሄደዋል። አለት እንዴት ይሄዳል?

«መሬት ላይ የምትተክለውን የሳተላይት መቀበያ የት አቆምከው?»

«የዱሮው ቦታ ጭቃ ሆነብኝ። ወደ ዳገቱ ትንሽ ጠጋ አደረግሁት።»

«አዲሱን ቦታ ስሌቱ ውስጥ አስገባህ?»

«ውይ! ረስቼዋለሁ።»

መቀበያው የመዘገበውን መረጃ እንዲልክላት አደረገች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ኔትወርኩ ደግሞ ይንቀራፈፋል። እንደ ምንም ደረሰላት። የመቀበያውን ትክክለኛ ቦታ አስልታ ፎቶዎቹን እንደገና አቀናበረች። አስፋልቱ አስፋልቱ ላይ፣ መስጊዱም መስጊዱ ላይ ልክክ አለ።

«አልሐምዱሊላህ» ልትል አፏን ከፍታ ቀረች። ከስንጥቁ በታች ያለው መሬት፣ ከነሦስት ቤቶቹ፣ አልተመለሰም። አንድ ክንድ ያህል ወርዷል።

መልሳ ደውላ ስትነግረው፣ ደሳለው ስልኩን ለአንደኛው ቤት ባለቤት ለሸህ ሙባረክ ሰጣቸው።

«ልጄ፣ ቅድም ተሳስተናል ስትባባሉ ሰምቻለሁ። አሁንስ በምን አምናችኋለሁ?»

«እውነትዎን ነው፣ ተሳስተን ነበር። አርመነዋል። መስጊዱ ካለበት አልተነቃነቀም። የእርስዎ ቤት ግን ወርዷል።»

ሰልዋ የቤታቸውን ቦታ ስክሪኑ ላይ ደግማ ለካች።

«የጓዳው በር ከትናንት ጀምሮ አልዘጋ ብሎኛል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ባለቤታቸውን ጠሩ። «ቢልቂስ! ልጆቹን ያዢ! ጎረቤቱን ጥሪ!»

ስልኩ ተዘጋ። ሰልዋ የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግዳ ሳትጨርስ እንደገና ጮኸ። ሶላቷን አሰላምታ እንደጨረሰች አነሳችው፤ ደሳለው ነበር፤ እያለቀሰ ስለነበር መጀመሪያ አልገባትም።

«ወረደ፣ ሰልዋ። ሦስቱንም ቤት ይዞ ወረደ።»

«ሰዎቹስ?»

«ሁሉም መስጊዱ ግቢ ናቸው። ሸህ ሙባረክ ላሜን ልፍታ ብለው ሲመለሱ ጎትቼ አስቀረኋቸው፤ አሁን ተቆጥተው አያናግሩኝም።»

ሰልዋ ሳቀች፤ ሳቁም ለቅሶ ሆነባት።