የቱራን ነጭ ጉንጭ

ቱራን በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ተራዋን ለሁለተኛ ጊዜ ለሌላ ሰው ስትለቅ፣ ልጇ ፓራስቱ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እማዬ! አብደሻል እንዴ?»

«ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማናል።» ከዚያም አፍንጫዋ ላይ ፕላስተር ወደለጠፈችው ወጣት ዞረች። «ግቢ የእኔ ቆንጆ፤ እኔ አልቸኩልም።»

ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ግራ ጉንጯ እንደ ጋለ ምጣድ ለበለባት። ከአፍንጫዋ ጎን ጀምሮ እስከ ዓይኗ ሥር ቆዳዋ እንደ ጠመኔ ነጥቷል። ነጩ ጠዋት የጥፍር ያህል ነበር።

ሐሙስ ፓራስቱን ለጋብቻ የሚጠይቁት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ እናት ፊቷን በቀዶ ጥገና አስጎትታለች፤ ፎቶዋን ላየ ሰው የልጇ እህት እንጂ እናት አትመስልም። ቱራን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቢላዋ ደግሞ ትፈራለች፤ የአጎቷ ልጅ ፊቷን አስጎትታ ራሷ በፋሻ እንደ ተጠመጠመ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሾርባ በቀሰም ስትጠጣ አይታለች። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሃያ ዓመት ፀጉሯን ወደሠራችላት ወደ ሻሂን ሄደች። ሻሂን ከሁለት ዓመት ወዲህ በፀጉር ቤቷ የጓዳ ክፍል የፊት መሸብሸብን የሚሞላ ጄል መውጋትም ጀምራለች።

«በአፌ ዙሪያ ያሉትን ሁለቱን መስመሮች ብቻ ሙዪልኝ» አለቻት።

መርፌው አፍንጫዋ አጠገብ ሲገባ እሳት የመሰለ ነገር ወደ ዓይኗ ሽቅብ ወጣ። ሻሂን ወዲያው እጇን ገታ አድርጋ፣ «አመመሽ?» ብላ ጠየቀቻት። አዎ ብትላት ኖሮ መርፌውን ትነቅለው ነበር። ግን ሻሂንን እጅሽ ያማል ማለት እንዴት ይቻላል?

«የአንቺ እጅ? ጥጥ ነው! እጅሽ ይባረክ።»

ሻሂንም ደስ ብሏት የቀረውን ጨመረችው። ይህ ከሆነ አራት ሰዓት አልፏል።

በመጨረሻ ዶክተር ናዴሪ ጋ ገቡ። ዶክተሯ ጎልማሳ፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። የቱራንን ጉንጭ በአውራ ጣቷ ተጭና ለቀቀችና ሰዓቷን አየች። ደም አልተመለሰም።

«ያምዎታል?»

«ኧረ ትንሽ ነው። እርስዎንም አስቸገርኩ፤ ስንት የባሰበት ሰው ውጪ ቁጭ ብሎ…»

«ማን ነው የወጋዎት?»

ቱራን ሻርፗን ወደ ጉንጯ ጎተተች። ሻሂን ለመውጋት ፈቃድ የላትም፤ ስሟ ከተነሣ ነገ ፀጉር ቤቷ ይታሸጋል።

«ማንም አልወጋኝም። ቅባት ተቀብቼ ነው።»

ፓራስቱ አፏን ስትከፍት እናቷ በጫማዋ እግሯን ረገጠቻት።

ዶክተሯ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ወይዘሮ ቱራን፣ ይህ ጄል ከሆነ የደም ሥር ዘግቷል ማለት ነው። ደም ያላገኘ ቆዳ ይጠቁርና ይሞታል። የተዘጋው ሥር ደግሞ ከዓይን ሥሮች ጋር ይገናኛል። የሚያሟሟ መድኃኒት አለኝ፤ ግን ሁሉንም ዓይነት ጄል አያሟሟም። ምን እንደ ገባ ማወቅ አለብኝ። አሁን ደግሜ እጠይቅዎታለሁ፤ በጨዋነት አይመልሱልኝ። ያምዎታል?»

«እማዬ» አለች ፓራስቱ። «ሐሙስ ያማረ ፊት ይዘሽ እንድትቀርቢልኝ አልለመንኩሽም። የሚያየኝ ዓይን ይኑርሽ።»

የቱራን አፍ የለመደውን ቃል ፈለገ። ምንም አይደለም፣ ለምን ትቸገራላችሁ፣ ያልፋል። ሁሉም ምላሷ ላይ ተሰልፈው ነበር።

«ያመኛል!» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ከጠዋት ጀምሮ ያመኛል! ጥርሴ ድረስ ያቃጥለኛል። ፀጉር ሠሪዬ ሻሂን ናት የወጋችኝ። ስትጠይቀኝም ዋሸኋት።»

ዶክተሯ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቱራንን ስልክ አንሥታ አቀበለቻት። «ይደውሉላት።»

ሻሂን ወዲያው አነሣች። «ቱራን ጃን፣ ነፍሴ! የዓይኔ ብርሃን! ደህና ገባሽ? ሻይ እንኳ ሳትጠጪ ሄድሽ እኮ፣ እንዴት እንዳፈርኩ! ፓራስቱስ…»

«ሻሂን፣ ሰላምታው ይቆየን። ጉንጬ ነጥቷል። ክሊኒክ ነኝ። የጄሉን ካርቶን ፎቶ አንሺና አሁኑኑ ላኪልኝ።»

በወዲያኛው ጫፍ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱም ቃል አጥሯቸው አያውቅም።

«ያሽጉብኛል፣ ቱራን።»

«ታዲያ ዓይኔ ይጥፋ?»

ስልኩ ተዘጋ።

ሦስቱም ስልኩ ላይ አፈጠጡ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ፓራስቱ ጥፍሯን ነከሰች። ዶክተሯ ጓንቷን አጥልቃ መድኃኒቱን አዘጋጀች፤ ግን ዓይኗ ከስልኩ አልተነቀለም። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ፎቶው ገባ። ተከትሎም፣ «እየመጣሁ ነው» የሚል መልእክት።

ዶክተሯ ፎቶውን አስፍታ አነበበች። «የሚሟሟው ነው። ይተኙ።»

መርፌው አንድ ብቻ አልነበረም።

«ሲያምዎት ይንገሩኝ።»

«ያመኛል!»

«ጎበዝ።»

«ያመኛል እኮ ነው የምልሽ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ሰማሁ፤ እንደዚሁ ይቀጥሉ» አለች ዶክተሯ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ እያለች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ዶክተሯ በየሩብ ሰዓቱ ጉንጯን ትጫናለች፤ ፓራስቱ ቆዳው እስኪቀላ በሰከንድ ትቆጥራለች፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ደሙ እየተመለሰ ነው። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ደረሰች። ቱራን እንደገና ተወግታ ዶክተሯ ስትጫናት፣ ዘጠኝ።

ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች። «ይቅርታ፣ አንዲት ወይዘሮ ፊታቸው ላይ ያለውን ስፌት ሊያስነቅሉ መጥተው በጣም ቸኩለዋል። ክፍሉን ለአሥር ደቂቃ ብትለቁላቸው…»

ቱራን ከልማዷ ከአልጋው ቀና አለች። ፓራስቱ እስትንፋሷን ያዘች።

ቱራን ተመልሳ ተጋደመች።

«አዝናለሁ። ተራው የእኔ ነው። ዶክተር፣ ይጫኑት።»

አውራ ጣቱ ተጭኖ ተነሣ።

«አንድ» አለች ፓራስቱ። «ሁለት። ሦስት።»

አራት ከማለቷ በፊት ጉንጩ ቀላ።