የጣሂራ ማንቆርቆሪያ

የጫት ነጋዴው ዓሊዩ ልጁን ጣሂራን ከስድስተኛ ክፍል በኋላ እንደማያስተምር ለአስተማሪዋ ለወይዘሪት የሺሐረግ ቁርጡን ነግሯታል። «አማርኛውን ለገበያ የሚበቃትን ያህል ታውቃለች፤ ሌላው ምን ይሠራላታል?» አላት። የሺሐረግ በሆዷ «የወላጆች በዓል ይምጣና እንተያያለን» አለች። ከደብረ ማርቆስ አሰበ ተፈሪ ድረስ የመጣችው አንገቷን ልትደፋ አይደለም።

በማግስቱ ክፍሉን «ቤታችሁ ካለው ዕቃ አንዱን በግጥም አወድሱልኝ» ብላ አዘዘች። ልጆቹ ውዳሴ የሚያውቁት በጃንሆይ ልደት ሰልፍ ላይ ብቻ ነው። እናም በክሪ የሚባለው ተማሪ ብድግ ብሎ ደረቱን ነፋ፦ «ግርማዊ ባልዲያችን ሆይ፣ ሺህ ዓመት ያንግሥዎ!»

ዳይሬክተሩ አቶ ኃይለየሱስ በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ ሰምተው ላብ አጠመቃቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ ልታሳስሪን ነው እንዴ?»

«ዘውዱን ከባልዲው ላይ አወርደዋለሁ፣ ጌታዬ፤ ግጥሙን ግን አልተውም» አለች፣ ፈገግ ብላ።

ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞራ «ማዕረጉን ተዉት። ዕቃው ማንን ያገለግላል? ቢጠፋ ማን ይቸገራል? እሱን ንገሩኝ» አለች። ጣሂራ አቀርቅራ መጻፍ ጀመረች።

በበዓሉ ቀን ሹማምንቱ ከፊት ተቀመጡ፤ ዓሊዩ ከኋላ ቆመ። ጣሂራ የገጠመችው ዓይነ ስውር አያቷን በየማለዳው ለሶላት እያስታጠበች ውዱእ ለምታስደርግበት ማንቆርቆሪያ ነበር፦

አንተ ማንቆርቆሪያ፣ ጥላሸት የጠጣህ፣
ለአያቴ ሶላት ንጹሕ ውሃ አመጣህ።
ገበያ ብትወጣ ባይኖርህም ዋጋ፣
ስታንቆረቁር ነው ሌሊቷ ሚነጋ።

ሰዉ አጨበጨበ። ዓሊዩ አላጨበጨበም። እየተጋፋ ወደ ፊት ሲመጣ የሺሐረግ ሄዳ ከጣሂራ ጎን ቆመች። መድረኩ ሥር ደርሶ ልጁን ቀና ብሎ አያት።

«ስለ እናቴ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ዓይኑ ቀላ። ወደ አስተማሪዋ ዞረ። «ወይዘሪት፣ እናቴ ስትታጠብ በየቀኑ አያታለሁ። ወላሂ፣ እንዲህ አድርጌ አይቻት አላውቅም። ሰባተኛ ትግባ።»

«ስምንተኛስ?» አለች የሺሐረግ፣ ፋታ ሳትሰጠው።

ዓሊዩ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ ሳቀ። «እሱንም ትማር። ብቻ ዛሬ ቤት ስትገባ፣ እናቴ ፊት ቁጭ ብላ ግጥሙን ትድገመው።»