ሰባት ቀን በላንጋኖ

አሳየችና ኢታና ሊጋቡ አንድ ወር ሲቀራቸው ለጫጉላቸው ላንጋኖ ሄደው ሰባት ቀን ሊሰነብቱ ወሰኑ። ጊዜው ሚያዝያ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ኢታና መንገዱን ከመሥሪያ ቤቱ ካርታ ላይ ገልብጦ አመጣላት። የካ ሚካኤል፣ አባቷ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የት ምሳ እንደሚበሉ፣ የት እንደሚያድሩ ሲነጋገሩ ዋሉ። እሷ ሐይቅ አይታ አታውቅም።

"መዋኘት አልችልም" አለችው።

"እኔስ መቼ እችላለሁ? ዳር ዳሩን ነዋ።"

ኬላ ለማለፍ ግን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ለይኩን ገና ስሟን ስትነግረው መዝገቡን ዘጋባት።

"የአናጢው የተሾመ ልጅ አይደለሽ? እናንተ ጴንጤዎች ደግሞ ለስብሰባ እንጂ መቼ ለሽርሽር ትሄዳላችሁ" ብሎ መለሳት።

በማግስቱ ኢታና ብቻውን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት የሁለት ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። እንዴት እንደተሳካለት ስትጠይቀው "ለመንኩት" አላት። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ አባቷና ጓደኞቻቸው የሚጸልዩት በየተራ በሰው ቤት ነበር። የዚያ ሳምንት ተራ እንጦጦ ግርጌ የሚኖሩት የወይዘሮ ውዴ ነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጸልዩ የአብዮት ጠባቂዎች ገቡና አምስቱንም ወሰዷቸው። አሳየች ሥራ ላይ ነበረች። ኢታና ከጸሎት ቀርቶ አያውቅም፤ የዚያን ዕለት ግን ራሴን አሞኛል ብሎ ቀርቷል።

አሳየች በየቀኑ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ምግብ ታመላልስ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ለይኩን በር ላይ አገኛት።

"እስካሁን አልሄዳችሁም እንዴ? እጮኛሽ ቀኑንም፣ ቤቱንም፣ የሰዎቹንም ስም በገዛ እጁ ጽፎልኝ ያገኛት ወረቀት ናት። እንዳትቃጠልባችሁ።" ሳህኑን ከፍቶ አየና መለሰላት። "አባትሽ አያውቅም። ከፈለግሽ አንቺው ንገሪው።"

ሄዳ ስትጠይቀው ኢታና አልካደም።

"እኔ ባልጽፍም ይይዛቸው ነበር" አላት።

"ታዲያ ለምን ጻፍክ?"

"አንቺን ደስ ላሰኝሽ ብዬ።"

ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች።

ሁለት ወር አለፈ። አቶ ተሾመ ደረታቸውን ያማቸው ጀመር። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዋስ ከመጣ እንደሚፈቱ ተነገራት። እሷ ጊዜያዊ ታይፒስት ስለነበረች አልተቀበሏትም፤ ዘመዶቿ ፈሩ፤ ጎረቤት በሩን ዘጋ። በመጨረሻ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው ኢታና ዘንድ ሄደች። ቁጭ በይ እንኳ አላላትም።

"ቀለበቱን መልሰሻል። ምናቸው ነኝ ብዬ ዋስ ልሁናቸው?" አላት።

ቀለበቱ መሳቢያው ውስጥ ነበር። አውጥቶ ሰጣት፤ እያየ አጠለቀችው።

አቶ ተሾመ ተፈቱ። የፈረመላቸውን ዋስ ሲያዩ ጉልበቱን ሊስሙ አጎነበሱ።

"ሁሉም ሲሸሸኝ ይሄ ልጅ ነው ያወጣኝ" አሉ፤ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ያንኑ ይደግሙ ነበር። አሳየች አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። ብትናገር ልባቸው እንደሚሰበር ታውቃለች።

ሰርጉ በሐምሌ ሆነ። ለይኩን የይለፉን ቀን አድሶ ሰጣቸውና ሳይጠራ መጥቶ በላ። አቶ ተሾመ ልጃቸው ስታለቅስ አይተው "ምነው?" ሲሏት "ደስ ብሎኝ ነው አባባ" አለቻቸው።

ላንጋኖ በደረሱ በማግስቱ፣ ዝናብ እያካፋ፣ ኢታና ውሃው ዳር ወስዶ አቀፋት።

"አንድ ቀን ይቅር ትይኛለሽ" አላት።

እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሳችው። "አባባ በሕይወት እስካለ ሚስትህ ነኝ። እሱን የቀበርን ዕለት አላውቅህም።"

ኢታና ቃሏን አልረሳም። አቶ ተሾመ ሲያስላቸው መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ያስስ ነበር። ወገባቸው ሲያዝ አዝሎ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው፤ ሌሊት ተነስቶ ትንፋሻቸውን ያዳምጥ ነበር። ሽማግሌው በየሄዱበት እንዲህ ያለ አማች ለማንም አልተሰጠም ይሉ ነበር። ከሰርጉ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረው አረፉ።

ሐዘኑ ላይ ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው ኢታና ነው፤ ለቀስተኛው እያየው አዘነለት። ድንኳኑ በተነሳ በማግስቱ አሳየች ልብሷን በሻንጣ ሞልታ መሪ ሰፈር ወደምትኖረው እህቷ ቤት ሄደች።