ህራንት ቦጎሲያን ያልሞሉት ቅጽ

የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዊልማ ቴሼራ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ፣ በአንድ እጇ ኮምፒዩተሩን እየነካካች በሌላው ቡሪቶ የሚሉትን የቀዘቀዘ ጥቅል ቂጣዋን እየገመጠች ሳለ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኔልስ ሃልግሬን ሳያንኳኳ ገባ።

"ገጹ የታለ?"

"እየተሠራ ነው።" ስልኩን ዘጋችው።

"ዲኗ በአሥር ሰዓት ትፈልገዋለች። አሥር ሰዓት ስትል ደግሞ አሥር ከሩብ ማለቷ አይደለም።"

"ሰዓት ማንበብ አላቃተኝም ኔልስ። ያስቸገርከኝ አንተ ነህ። ስለ መጽሐፍህ ዘጠኝ መስመር ጽፈህ ሌላውን ሰው የት ላስገባው?"

ሃልግሬን ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። መጽሐፉን ስድስት ዓመት ለፍቶበታል፤ ልፋቱን ሰው እንዲያይለት ቢፈልግ አይፈረድበትም።

በካሊፎርኒያ ሸለቆ ባለው በዚህ ዩኒቨርሲቲ የሊበራል ጥናት ትምህርት ክፍል ማለት የአንደኛ ደረጃ መምህራን የሚወጡበት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ከታሪኩም፣ ከሒሳቡም፣ ከሳይንሱም፣ ከሥዕሉም ይማራሉ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ጥያቄውን በሙያ ከፋፍሎ አይጠይቅምና። ሌሎቹ ክፍሎች "ሁሉን ቀማሾች" እያሉ ያሾፉባቸዋል። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ግንቦት ላይ "የመምህራንና የምሩቃን ክንውን" የሚባለው ገጽ ሲወጣ ሹፈቱ ጋብ ይላል። ዘንድሮም የሚያኮራ ነገር አልጠፋም። ዶክተር ሱኒታ ጊል በሸለቆው የመስኖ ቦዮች ታሪክ ላይ ያዘጋጀችው መጽሐፍ ታትሟል። የዛሬ ሃያ ዓመት እዚህ የተመረቀችው ራሞና ዛራጎሳ የአንድ አውራጃ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ሆናለች። ሌላው ምሩቅ አሮጌ አውቶቡስ ገዝቶ ቤተ መጻሕፍት አድርጎት የወይን ለቃሚዎች ልጆች ያሉበት ድረስ ይነዳዋል። ዊልማ የአውቶቡሱን ፎቶግራፍ መጀመሪያ ያየች ቀን አልቅሳለች።

ገጹ አንድ ደንብ አለው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክንውን በራሱ እጅ ቅጹ ላይ ጽፎ ይፈርማል። ለሌላ ሰው መጻፍ ክልክል ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ለወዳጁ ያላገኘውን ሽልማት ጽፎለት ሁለቱም ስለተዋረዱ የወጣ ደንብ ነው።

"ህራንትስ?" አለ ሃልግሬን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ባዶ ነው።"

"ዘንድሮም?"

"ዘንድሮም፣ አምናም፣ ካቻምናም።"

ሃልግሬን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ስሚኝ ዊልማ፤ ዲኗ ነገ የኮንትራት መምህራኑን ትቀንሳለች። ገጹ ላይ አንድ መስመር እንኳ የሌለው ሰው አታምጣልኝ ብላኛለች። እሳቸው ከሄዱ ሒሳቡን ማን ያስተምርልኛል? እኔ እንደሆንኩ የልጄን የቤት ሥራ እንኳ አልችለውም።"

ዊልማ ቡሪቶዋን ቅርጫት ውስጥ ጥላ ተነሳች።

የሚስተር ህራንት ቦጎሲያን ቢሮ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። በሩ ላይ አራት ተማሪዎች ወለል ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ሚስተር ቦጎሲያን ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። አባታቸው ዘቢብ የሚያደርቁ አርመናዊ ገበሬ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለወደፊት መምህራን አንድ ኮርስ ብቻ አስተምረዋል።

"አንድ መስመር ብቻ ሚስተር ቦጎሲያን። እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ አንድ መስመር!"

"ምን ብዬ?"

"ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር እንደሠሩ።"

"አዲስ ነገር አልሠራሁማ። ክፍልፋይ አስተማርኩ። አምናም ክፍልፋይ ነው ያስተማርኩት። እስከማውቀው ድረስ ግማሽ አሁንም ግማሽ ነው።"

ወለል ላይ ያሉት ተማሪዎች ሳቁ። ዊልማ አልሳቀችም።

"እንጀራዎ እኮ ነው የሚሄደው!"

ሚስተር ቦጎሲያን መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። "አውቃለሁ። ፈርቻለሁም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጠዋት የሚያስነሳኝ ይህ ክፍል ነው። ግን የሌለኝን አለኝ ብዬ ልፈርም? በዚህ ዕድሜዬ? ተይው፤ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው።"

ዊልማ እየተቃጠለች ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሰውዬው ግትር ናቸው፤ ዲኗም ግትር ናት፤ በሁለት ግትሮች መሃል የሚጎዳው እሷ የምትወደው ክፍል ነው። ንዴቷን በሥራ ልታበርደው የብረቱን መሳቢያ ከፍታ የምሩቃኑን ቅጾች አወጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚህን ቅጾች በሁለት ማኅደር ስትለይ ኖራለች። በቀጭኑ ማኅደር ላይ "ክንውን ያላቸው" ይላል፤ በወፍራሙ ላይ "የሌላቸው"። ወፍራሙን መለስ ብላ አንብባ የማታውቅ ሴት ዛሬ ከፈተችው፤ ገጹን የምትሞላበት ነገር ብታገኝ ብላ ነው።

"ምንም አዲስ ነገር የለም። እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ሦስተኛ ክፍል፣ አሥራ አራተኛ ዓመቴ።"

"ይቅርታ፣ የሚጻፍ የለኝም። አሁንም አስተምራለሁ።"

"እዚያው ነኝ።"

አንዱን አንስታ ሌላውን ስታስቀምጥ እጇ እየዘገየ ሄደ። ከመጀመሪያው ቅጽ ላይ ስልክ ቁጥሩን አይታ ደወለች። ፓ ንያ ቫንግ የምትባል መምህርት አነሳችው፤ ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

"ዊልማ ነኝ፣ ከትምህርት ክፍሉ። ከተማሪዎችሽ አላቆይሽም፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ሚስተር ቦጎሲያንን ታስታውሻቸዋለሽ?"

"ምን ሆኑ? ሞቱ እንዳትዪኝ!"

"ኧረ አልሞቱም! ኮሪደሩ ላይ እያናደዱኝ ነው።"

ፓ ንያ እፎይ ብላ ሳቀች። "እኔ እኮ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ወድቄ ነበር። ወላጆቼ ከላኦስ የመጡ የሞንግ ስደተኞች ናቸው፤ እንጆሪ ነው የሚያመርቱት፤ ትምህርቴን ጥዬ እርሻው ላይ ላግዛቸው ወስኜ ሚስተር ቦጎሲያንን ልሰናበት ቢሯቸው ሄድኩ። 'እሺ ሂጂ፤ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር አስረጂኝ። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ግማሽ ከሩብ ለምን እንደሚበልጥ አልገባኝም። አራት ከሁለት ይበልጥ የለ?' አሉኝ። ሦስት ሳምንት አስረዳኋቸው! ሆን ብለው አይገባቸውም። በመጨረሻ ጮህኩባቸው። እየጮህኩ ሳለ ለካ ገብቶኛል። 'አየሽ፣ አስተማሪ ነሽ' አሉኝ።"

"አሁንስ?"

"አሁን እኔ ለልጆቼ የማይገባኝ ሆኜላቸዋለሁ። በዚህ ትምህርት ቤት ክፍልፋይ የሚፈራ ልጅ ከእኔ ክፍል አይወጣም። እንዲህ ብዬ ስመካ የመጀመሪያዬ ነው።"

"ታዲያ ይህን ቅጹ ላይ ለምን አልጻፍሽውም?"

"ቅጹ እኮ አዲስ ሥራ፣ አዲስ ማዕረግ፣ አዲስ ሽልማት ነው የሚለው። እኔ አዲስ ነገር የለኝም። በየዓመቱ አዲስ የሚሆኑት ልጆቹ ናቸው።" ደወል ተደወለ። "በይ ቻው፤ ሰላም በይልኝ!"

ዊልማ ስልኩን አስቀምጣ ባዶውን ቅጽ ከፊቷ ዘረጋች። የጻፈችው ራሷ ነች። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ወር ምን እንደሚጻፍ ግራ ሲገባት የንግድ ትምህርት ክፍሉን ቅጽ ተውሳ፣ የክፍሉን ስም ብቻ ቀይራ ገልብጣው ነበር። ለነጋዴ አሥራ አራት ዓመት አንድ ቦታ መቀመጥ ኪሳራ ነው። ለመምህር ግን ትልቁ ነገር እሱ ነበር። ይህን ያህል ዓመት ሙሉ እነዚህን ሰዎች ክንውን የሌላቸው እያለች በገዛ እጇ ስትቀብራቸው ኖራለች። ፊቷ በሐፍረት ጋለ።

ማንንም አላማከረችም። ኮምፒዩተሩ ላይ ቅጹን ከፈተችና "አዲስ" የሚለውን ሁሉ ሰረዘች። በቦታው ሁለት ጥያቄ ጻፈች፤ "ማንን አስተማሩ? ዛሬ የት ናቸው?"

ሚስተር ቦጎሲያን ከስምንት ሰዓቱ ክፍል ወጥተው ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ሲያልፉ ጠራቻቸው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"አዲሱ ቅጽ።"

"ዲኗ ታውቃለች?"

"አታውቅም። ኃላፊውም አያውቅም። ከእርስዎ ጋር ሦስት ሆናችሁ ትጣሉኛላችሁ።"

ሽማግሌው ወረቀቱን አራቅ፣ ቀረብ እያደረጉ አነበቡት። መልሰውም አነበቡት። ሊያስቀምጡት ነው ብላ ስትፈራ ወንበር ሳቡና እስክሪብቶ ጠየቋት።

መጻፍ ጀመሩ። ማስታወሻ አላወጡም፤ ኮምፒዩተርም አልጠየቁም። እ.ኤ.አ. ከ1995 ነው የተነሱት፤ ስም፣ ከተማ፣ የሚያስተምሩት ክፍል። በየመሃሉ ለራሳቸው ያጉተመትማሉ። "ይሄ በጣም ለፍላፊ ነበር፤ አሁን ርዕሰ መምህር ሆኗል፤ ይገባዋል።" "እሷ መንታ ወልዳ ፈተና የመጣች ናት።" ዊልማ ወፍራሙን ማኅደር ከጎናቸው ይዛ ስም በስም ታመሳክራለች። አንድም አልተሳሳቱም። አብዛኞቹ "እዚያው ነኝ" ካሉት መሃል ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠይቃቸው እያንዳንዱ ተማሪያቸው የት እንዳለ ተከታትለዋል።

ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሃልግሬን እየሮጠ መጣ።

"ዊልማ! ገጹ..."

"ሽሽ።"

ከሽማግሌው ትከሻ በላይ አጎንብሶ አነበበ። ጣቱ አንድ ስም ላይ ቆመ። "ይህቺ እኮ የልጄ አስተማሪ ናት።"

"ጥሩ አስተማሪ ናት?" አሉ ሚስተር ቦጎሲያን ቀና ሳይሉ።

"ልጄ ቅዳሜም ትምህርት ቤት ካልሄድኩ ብላ ታለቅሳለች።"

"ዓይናፋር ነበረች፤ ስሟን እንኳ ጮክ ብላ አትናገርም ነበር። እንዲህ ሆነች?" ሽማግሌው ፈገግ ብለው መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ሃልግሬን ወደ ዊልማ ዞረ። "የእኔን ወደ አንድ መስመር አውርጂው" አላት። "የመጽሐፉ ርዕስ ይበቃል።"

ልክ አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የዲኗ ቢሮ ነው። ሃልግሬን ዊልማን አያት፤ ዊልማ ሚስተር ቦጎሲያንን አየች። ያላቆመው እጃቸው ብቻ ነው። ዊልማ አነሳችው።

"አዎ፣ ገጹ አልደረሰም" አለች። "አይ፣ በአሥር ከሩብም አይደርስም። ሚስተር ቦጎሲያን ቅጻቸውን እየሞሉ ነው... አዎ፣ እሳቸው ራሳቸው... ገና 1998 ላይ ነን። ዲኗ ከቸኮለች ትምጣና እዚህ ተቀምጣ ታንብብ፤ ወንበር አለን።"

ስልኩን ዘጋችው።

"ሌላ ወረቀት አለሽ?" አሉ ሚስተር ቦጎሲያን።

ዊልማ አዲስ እሽግ ቀደደችላቸው።