የጫማው ቁጥር

ታዴዎስ ከአውቶቡሱ የወረደው ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቧል፤ አፍና አፍንጫውን በማስክ ሸፍኗል። የሆሳዕናን መናኸሪያ በመስኮት ሲቃኝ ቆይቶ፣ የሚፈራው ፊት እንደሌለ ሲያረጋግጥ እግሩን መሬት አስነካ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ አጠገብ ፎንቆ ነው። ወደ ገዛ አገሩ ተደብቆ ሲገባ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

እህቱ ገነቴ ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና አለባት። እሷ ባትሆን ኖሮ አይመጣም ነበር።

ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ መድረክ ላይ ቆሟል። ዘበኛ ሆኗል፣ መልእክተኛ ሆኗል፣ ከሦስት ሽማግሌዎች ሦስተኛው ሆኗል። በፊልምም ቢሆን ጀግናው ሲሞት የሚያለቅሰው አጎት እሱ ነበር። ፊቱን የሚያውቅ ቢኖር ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ግን በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ወጣቶችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚልክ ደላላ ሆኖ ተጫወተ። አገር አወቀው።

ታዴዎስ በዓይኑ ያላየውን ሰው መጫወት አይሆንለትም። ዘበኛ ሊሆን ከዘበኛ ጋር ሳምንት ውሏል። ደላላ ሁን ሲሉትም ሳንቲም ሳይጠይቅ ከሆሳዕና ብዙ ወደማትርቀው አዲሎ ከተማ ወረደ። ጴጥሮስ የሚባል ደላላ ጠቆሙት። መኪና መቆሚያው ጀርባ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ቀን አብሮት ተቀመጠ። ጴጥሮስ እንግዳው ተዋናይ መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው። «አሳምረህ ሥራኝ» አለው። ታዴዎስም አሳመረው። አሳሳሉን ወሰደ፣ አሳሳቁን ወሰደ፣ ቃል ከመናገሩ በፊት የሚወስዳትን ትንሽ ትንፋሽ ሳይቀር ወሰደ።

ድራማው በታየ በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለለት።

«ፊቴን የሚያውቅ የለም» አለ ጴጥሮስ፣ ሳይቆጣ። «እኔ በስልክ ነው የምሠራው። አንተ ድምፄን ለአገር አሰማህ። በእኛ በኩል እንዳላይህ።»

ታዴዎስ ስልኩን ቀየረ። ቤትም ቀየረ። አዲሱን አድራሻ ለቴአትር ቤቱ እንኳ አልሰጠም። መንገድ ላይ ከኋላው ኮቴ ሲሰማ ቆሞ ማሳለፍ ለመደ።

አሁን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያው በር አቀና። አንድ ተሸካሚ ቦርሳውን ያዘ።

«ልርዳዎት፣ ጋሼ።»

«ቀላል ነው፤ ተወው።»

«ቀላል ከሆነማ ርካሽ አደርግልዎታለሁ» ብሎ ሳበ።

የታዴዎስ ልብ ደነገጠ። ሲደነግጥ ደግሞ አንድ መጥፎ ልማድ አለው፤ በደላላው ድምፅ ይናገራል። ሰው ያርቅለታል።

«እጅህን ሰብስብ፣ ልጄ» አለ፤ ያችን ትንሽ ትንፋሽ ወስዶ።

ተሸካሚው ለቀቀው። በሩ አጠገብ ውሃና ብስኩት የምትሸጥ ሴት ግን ቀና አለች። የያዘችው ጠርሙስ ከእጇ ወደቀ። ታዴዎስ አላያትም። ሦስት እርምጃ እንደሄደ ኮቱን ከኋላ ጭምድድ አድርጎ የያዘ እጅ ተሰማው። ጴጥሮስ መጣብኝ አለ በልቡ።

ሲዞር አጠር ያለች፣ ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ናት።

«ልጄን አምጣ» አለች።

«እናቴ፣ ተሳስተሻል።»

«አልተሳሳትኩም። ማቴዎስን አምጣ! የት አደረስከው?»

ሰው ተሰበሰበ። መናኸሪያ ውስጥ ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አይወስድም። «ምንድን ነው?» አለ አንዱ። «ሌባ ነው?» «አይ፣ ደላላ ነው፤ የትርፊትን ልጅ የሸኘው!» የሚል ከኋላ መጣ። በዚያ ዙሪያ የቆመ ሁሉ ወይ ወንድም፣ ወይ የአጎት ልጅ በዚያ መንገድ ልኳል። የደረሱት ግን ሁሉም አይደሉም። የአንድ ሰው እጅ ማስኩን መነጨቀበት።

«እሱ ነው! በቴሌቪዥን ያየነው!»

«በቴሌቪዥን ወጥቶ ደፍሮ ይመጣል?»

«ተዋናይ ነኝ» አለ ታዴዎስ። ድምፁ አልወጣም። ሺህ ሰው በሞላበት አዳራሽ እስከ ኋላ ወንበር የሚሰማ ድምፅ፣ እዚህ ከጥርሱ አላለፈም። አንድ ረዥም ጎረምሳ ከጎማ አጠገብ ብረት ሲያነሳ አየ።

ያን ጊዜ ሞባይል የሚሸጠው ፈትሁዲን ሰው እየገፋ መጣ። ወፍራም ነው፣ ያልባል፣ ይስቃል።

«እትዬ ትርፊት፣ ልቀቂው። ደላላ ሆኖ የሠራ ተዋናይ ነው እንጂ ደላላ አይደለም።»

«ራሱ ነው።»

«እሺ፣ ይህን እዪ» አለና ስልኩን ከፍቶ ወደ ሕዝቡ አዞረ። ስልኩ ላይ ታዴዎስ በነጭ ጢም ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተጋድሟል። «በዚህ ፊልም ሞቷል። ባለፈው ወር እኔው ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አልቅሳችሁለታል። ለምን ተነሳህ ብላችሁ ደግሞ ክሰሱት!»

ሰው ሳቀ። ብረት ያነሳው ጎረምሳም ሳቀና ብረቱን ጣለ። «ጋሼ፣ አንድ ፎቶ» ብሎ አጠገቡ ቆመ። ሌላውም ቆመ። ታዴዎስ ፈገግ አለላቸው። ትርፊት ግን ኮቱን አልለቀቀችም።

«ድራማው ላይ ለዚያች እናት ምን አልካት?» አለችው ዝግ ብላ። «‹የልጅሽን የጫማ ቁጥር ንገሪኝ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጫማውን እኔ እገዛለታለሁ› አላልካትም? እኔንም ያለኝ ይህንኑ ነው። በዚሁ ድምፅ። ፊቱን አላየሁም፤ በስልክ ነው። ከማን ሰማኸው?»

ድርሰቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ታዴዎስ ከራሱ የጨመረው ነው። አዘጋጁ ትከሻውን መትቶ አድንቆለት ነበር።

«ደራሲው የጻፈው ነው» አለ ታዴዎስ።

«ሰማሽ፣ እትዬ?» አለ ፈትሁዲን። «ጽፈው ነው የሚሰጧቸው።»

እጇ ላላ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አለች፤ አንቱ ብላ። «ልጄን ካየሁት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ሞያሌ ደረስኩ ብሎ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ የለም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አርባ አንድ ነበር ቁጥሩ። ‹የዚህ ጎረምሳ እግር እንደ ሙሽራ ነው› ብሎ ሳቀብኝ፣ ያ ሰው። እኔም ከነሞኝነቴ አብሬው ሳቅሁ።»

ታዴዎስ ባጃጅ ጠርቶ ገባ። የእህቱን ሰፈር ለባለ ባጃጁ ነገረው።

ያ ስልክ ሲደወል ታዴዎስ እዚያ ነበረ። አዲሎ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ጴጥሮስ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሐል አጣብቆ ሻዩን ሲያማስል። «አርባ አንድ? የዚህ ጎረምሳ እግር እንደ ሙሽራ ነው!» ታዴዎስም ስቆ ነበር። ደብተሩን አውጥቶ ቃል በቃል ጻፈው። ከስልኩ ወዲያ ማን እንዳለ አልጠየቀም። ለድራማው የሚሆን ነገር ስላገኘ ደስ ብሎት ነበር።

የገነቴ ቤት በር ላይ ባጃጁ ቆመ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሰዎች ውስጥ ሲጸልዩላት ይሰማል። ገብቶ በሩን ከኋላው ቢዘጋ የሚያገኘው የለም። ነገ ቀዶ ጥገናው ካለፈ፣ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ ነው። ሒሳቡን አወጣ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ወደ መናኸሪያ መልሰኝ» አለ።

ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አየው። «ዕቃ ረሱ እንዴ፣ ጋሼ?»

«አዎ።»

ትርፊት የወደቀውን ጠርሙስ አንስታ ቦታዋ ተቀምጣለች። ስታየው ተነሳች። ታዴዎስ ሰው እንዳይሰማ ቀረብ አለ።

«ዋሽቼሻለሁ» አለ። «ማንም አልጻፈልኝም። ላንቺ ስልክ ሲደውል ከአጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ስሙን አውቃለሁ። የሚቀመጥበትንም አውቃለሁ።»

ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ። አልመታችውም። ብስኩቱን በላስቲክ ሸፈነች፣ ድንጋይ ጫነችበትና «እንሂድ» አለች።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ መርማሪው ወጣት ነበር። ነገሩን አዳምጦ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ድራማውን አይቻለሁ። ግን ድራማ ማስረጃ አይሆንም። እርስዎ፣ እናቴ፣ ፊቱን አላዩም። እሳቸው ያዩት ሰውና እርስዎን ያናገረው አንድ ሰው መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ታዴዎስ ድራማው ላይ ያልታየ ነገር ፈለገ። ዓይኑን ጨፈነ። ያችን የጴጥሮስን ትንሽ ትንፋሽ ወሰደ። «ወንዶ ገነት ላይ አጎቴ ምሳ ያበላዋል። ናይሮቢ ደግሞ ጃኬት አስቀምጬለታለሁ። አልቅሰሽ እንዳትሸኚው፤ የእናት እንባ መንገድ ያበላሻል» አለ።

ትርፊት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች። «ይኸው» አለች። «ይህንን ለማንም አልነገርኩም። ሳላለቅስ ነው የሸኘሁት።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሳ። የጴጥሮስን ስም፣ ሻይ ቤቱን፣ ቀኑን ጻፈ። ደብተሩ አዲስ አበባ እንዳለና እንደሚልከው ታዴዎስ ነገረው።

«የምስክር ስም?»

ነገረው።

«ሥራ?»

«ተዋናይ።»

«አድራሻ? ክስ ሲመሠረት ለተከሳሹም ሊደርሰው ይችላል፤ አስቀድሜ ልንገርዎት።»

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ታዴዎስ ዞር ብሎ አየ። ሻይ የምታመጣ ሴት ናት።

«የኔን ቤት ይጻፉለት» አለች ትርፊት። «ከኔ ቤት ምን ሊወስድ ይመጣል?»

«አይሆንም» አለ ታዴዎስ። ክፍለ ከተማውን ነገረው፣ ወረዳውን ነገረው። የቤት ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። መርማሪው ቀና ብሎ ጠበቀ።

ታዴዎስ ቁጥሩን በራሱ ድምፅ ተናገረ።